የዋጋ ዜና እንዴት ይደመጣል?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

  የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ዋጋ ነው። የበቆሎንም ሆነ የቡናን የዛሬ ዋጋ ግን አልነግራችሁም። የምንነጋገረው ዋጋ ሲነገር እንዴት መስማት እንዳለብን፣ የሰማነውም ማሳችን ላይ ምን ሊለውጥ እንደሚችል ነው። እርሳስና ወረቀት ቅርብ ከሆነ ያዙ። የሚጽፍ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ጥሩት፤ ጥቂት ሂሳብ እንሠራለን።

እኛ የሬዲዮ ሰዎች ዋጋ የምናነበው እንደ እግር ኳስ ውጤት ነው። የምርቱን ስም እንጠራለን፣ ቁጥሩን እንናገራለን፣ ወደሚቀጥለው እናልፋለን። «የቡና ዋጋ በፈረሱላ ይህን ያህል ሆነ» ይባላል። አለታ ወንዶ ጓሮ ውስጥ ያለችው አድማጭ ግን በዚያ ሰዓት እጇ ላይ ያለው ፈረሱላ አይደለም፤ ከጠዋት ጀምራ የለቀመችው ቀይ እሸት ነው። ነጋዴው ደግሞ በኪሎ ነው የሚጠይቃት። በሬዲዮ የሰማችውና ሚዛኑ አጠገብ የምትሰማው ቁጥር ምን እንደሚያገናኛቸው የነገራት የለም። ዋጋውን ሰምታለች፤ መረጃ ግን አላገኘችም።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። አንድ ኪሎ ንጹሕ የቡና ፍሬ ለማግኘት በግምት 6 ኪሎ ቀይ እሸት ያስፈልጋል። 17ን በ6 ስናበዛ 102 ይመጣል። ለአእምሮ እንዲቀልል 100 እንበለው። ስለዚህ የሰማችሁት የንጹሕ ቡና ዋጋ በፈረሱላ ከሆነ ለ100 አካፍሉት። ለስሌት ያህል ብቻ፣ ፈረሱላው 10,000 ብር ነው ተባለ እንበል። እሸቱ በኪሎ 100 ብር ላይ ያርፋል ማለት ነው። ዋጋው የተነገረው ታጥቦ ከነገለባው ለደረቀ ቡና ከሆነ ደግሞ አንድ ኪሎውን ለማግኘት የሚያስፈልገው እሸት 5 ኪሎ ገደማ ስለሆነ፣ ማካፈያችሁ ወደ 85 ይወርዳል። በዜናው ላይ «የታጠበ» ወይም «ያልታጠበ»፣ «ደረጃ 2» ወይም «ደረጃ 5» የሚሉትን ቃላት ጆሯችሁ እንዳያሳልፋቸው። የደረጃው ልዩነት ብቻውን ዋጋውን ብዙ ሊለውጠው ይችላል።

አሁን ያገኘነው 100 ብር ገበሬው እጅ የሚገባው ዋጋ አይደለም። ጣሪያው ነው። ከእሱ ላይ የማጠቢያው ሠራተኛ ደመወዝ፣ የማድረቂያው፣ የጆንያው፣ የመኪናው፣ የባንክ ወለዱና የነጋዴው ትርፍ ይነሳል። ነጋዴ ያለ ትርፍ አይገዛም፤ እንዲህ ያለ ነጋዴ የሚጠብቅ ሰው ካለ ሲጠብቅ ይኑር። ነገር ግን ጣሪያው 100 መሆኑን የምታውቅ ሴት 85 ሲሏትና 50 ሲሏት የምትመልሰው መልስ አንድ አይሆንም። የዋጋ መረጃ ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው።

ይህ ሁሉ የዋጋ ዜና ከየት መጣ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። በ1994 ዓ.ም. ገደማ የሆነውን ያስታወሱ አባቶች ዛሬም አሉ። ሁለት ዓመት ዝናቡ ሰምሮ፣ ማዳበሪያውም ምርጥ ዘሩም ሠርቶ፣ በቆሎ እንደ ጉድ ተመረተ። ከዚያ ዋጋው ወደቀ። አጭዶ ገበያ ማድረሱ ከሚገኘው ብር በላይ ስለሚያስወጣ አዝመራውን ማሳ ላይ የተወ ገበሬ ነበር። ማዳበሪያ በብድር የወሰደውም ብድሩን መመለስ አቃተው፤ በሚቀጥለው ወቅት ማዳበሪያ አልገዛም አለ። ወዲያው ድርቅ መጣ። በ1995 ዓ.ም. ከ12 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ትርፍ አምርቶ ዋጋ ያጣው አገር በዓመቱ የሚበላ አጣ። በዚህ ጉዳይ ላይ ሲያጠኑ ከነበሩት አንዷ ኢኮኖሚስቷ ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን ናቸው። በኋላ እሳቸው በመሩት ሥራ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት ጀመረ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ቡናም ወደዚያ ገባ። ሀዋሳም የምርት ገበያው ቅርንጫፍ፣ መጋዘንና የቡና ቅምሻ ያላት ከተማ ሆነች። በየገጠሩ ከተማ ዋጋ የሚያሳዩ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎች ተሰቀሉ፤ በስልክ 934 እየደወሉ የዕለቱን ዋጋ መስማት ተቻለ።

ከ1994ቱ ታሪክ ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመን አንድ ነገር ነው። የዋጋ መውደቅ ገበያ ላይ ብቻ አልቀረም፤ ወደ ማሳ ተመልሶ የሚቀጥለውን ዓመት ምርት ቀነሰ። ገበያና ምርታማነት ሁለት የተለያዩ የትምህርት ዓይነቶች አይደሉም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ስለ መስመር ዘርና ስለ ዩሪያ ሲያስተምር፣ ስለ ዋጋ የሚያወራው ሌላ ቢሮ ነው። ለገበሬው ግን ጥያቄው አንድ ነው፤ ይህን ያህል ብር መሬት ውስጥ ብቀብር ይመለስልኛል ወይ?

ይህን ጥያቄ በብር መመለስ ያስቸግራል፤ ብሩ ራሱ ስለሚለዋወጥ። ስለዚህ በምርት እንጠይቀው። አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ለመግዛት ስንት ኩንታል በቆሎ መሸጥ አለብኝ? ይህን ቁጥር በየዓመቱ ጻፉት። ለምሳሌ በኅዳር፣ ሁሉም ሰው አጭዶ በሚሸጥበት ወር፣ ማዳበሪያውን ለመግዛት ሦስት ኩንታል በቆሎ ያስፈልጋል እንበል። ያው በቆሎ በሰኔ ቢሸጥ ሁለት ኩንታል ሊበቃ ይችላል። ያ ማዳበሪያ ማሳችሁ ላይ የሚጨምረው አምስት ኩንታል ከሆነ፣ በኅዳር ዋጋ ሁለት፣ በሰኔ ዋጋ ሦስት ኩንታል ተረፋችሁ ማለት ነው። የሚጨምረው ሦስት ብቻ ከሆነ ግን በኅዳር ዋጋ ለሰው ሠርታችኋል። ቁጥሮቹ ምሳሌ ናቸው፤ የራሳችሁን አስገቡ። የመሬታችሁን ነገር ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

እዚህ ላይ የመንገዱን ነገር አለማንሳት አይቻልም። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የተደረገና በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ነበር። ከማከፋፈያ ጣቢያው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚኖር ገበሬ ማዳበሪያውን እቤቱ ለማድረስ የሚያወጣው ወጪ፣ ማዳበሪያው ከወደብ ተነስቶ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጣቢያው እስኪደርስ ከሚያስወጣው ጋር የሚስተካከል ሆኖ አገኙት። ከወደብ በከባድ መኪና፣ ከጣቢያው ደግሞ በአህያና በሰው ጀርባ ነዋ። ምርቱ ሲወጣም መንገዱ ያው ነው። ስለዚህ «ሻሸመኔ ላይ የድንች ዋጋ ከሀዋሳ ይሻላል» የሚል ዜና ስትሰሙ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው የ25 ኪሎ ሜትሩ የመኪና ዋጋ በኩንታል ስንት ይመጣል የሚለው ነው። ልዩነቱ ከጭነቱ ካነሰ ዜናው ለእናንተ አይደለም፤ አይሱዙ ላለው ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እስቲ ወደ ውጭ አገር ወጣ ብለን እንመለስ። ሕንድ ውስጥ ኬረላ በሚባለው ግዛት የባሕር ዳርቻ ላይ ሰርዲን የሚያጠምዱ ሰዎች አሉ። ከ1997 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የሞባይል ስልክ ወደዚያ ዳርቻ ገባ። ከዚያ በፊት አሥጋሪው የያዘውን ዓሣ ወደለመደው ዳርቻ ይዞ ይሄዳል፤ እዚያ ዓሣ ከበዛ የሚገዛው አጥቶ ወደ ባሕር ይደፋዋል፤ ትንሽ ራቅ ያለው ገበያ ላይ ግን ገዢው ዓሣ አጥቶ ቆሟል። ስልኩ ሲመጣ ጀልባው ላይ ሆኖ ይደውላል፣ ዋጋ የተሻለበትን ዳርቻ ይጠይቃል፣ ጀልባውን ወደዚያ ያዞራል። ሮበርት ጄንሰን የሚባሉ ተመራማሪ በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት መሠረት የአሥጋሪዎቹ ትርፍ 8 በመቶ ገደማ አደገ፣ የዓሣ ተጠቃሚው የሚከፍለው ዋጋ በ4 በመቶ ቀነሰ፣ የሚደፋ ዓሣ ፈጽሞ ቀረ ለማለት የሚያስደፍር ሆነ። ሻጩም ገዢውም ተጠቀሙ።

እዚያው ሕንድ፣ ማሃራሽትራ ውስጥ፣ ለገበሬዎች በስልክ መልእክት ዋጋና የአየር ሁኔታ የሚልክ አገልግሎት ነበር። ማርሴል ፋፍሻምፕና ባርት ሚንተን በ100 መንደሮች ላይ ሞክረው ውጤቱን በ2012 እ.ኤ.አ. አወጡ። መልእክቱ የደረሳቸው ገበሬዎች ካልደረሳቸው የተሻለ ዋጋ አግኝተው ይሆን? ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። እኛው ኢትዮጵያ ውስጥ ስለ ሞባይልና ስለ ገበሬው የሽያጭ ውሳኔ ተጠንቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣውም ከዚሁ ጋር ይቀራረባል፤ ስልኩ አለ፣ የሚደውልም አለ፣ ዋጋ ላይ ያመጣው ለውጥ ግን ደካማ ነው። ምክንያት ብለው ካቀረቡት አንዱ በስልኩ የሚገኝ የሚረባ መረጃ አለመኖሩ ነው።

ስልኩ አንድ ሆኖ ሳለ ለምን አንዱ ጋ ሠራ፣ ሌላው ጋ አልሠራም? እኔ የሚታየኝ እንዲህ ነው። የኬረላው አሥጋሪ ዋጋውን ሲሰማ ገና አልሸጠም፤ ጀልባው የራሱ ነው፤ ማዞር ይችላል። መረጃው የደረሰው ከውሳኔው በፊት ነው። የእኛ ገበሬ ግን ብዙ ጊዜ ዋጋ የሚሰማው ውሳኔው ካለፈ በኋላ ነው። ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ይቦካል፣ ጣዕሙ ይበላሻል። ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት ሁለት ጆንያ እሸት ይዞ የሰብሳቢው ሚዛን አጠገብ የቆመ ሰው የለንደንንም የኒውዮርክንም ዋጋ ቢያውቅ ምን ያደርገዋል? ይሸጣል። ነጋዴውም ይህንን ያውቃል።

ያው ሰው ጓሮው ውስጥ ከመሬት ከፍ ያለ የማድረቂያ አልጋ ቢኖረው ነገሩ ይለወጣል። «ዛሬ ዋጋው አልተስማማኝም» ብሎ እሸቱን ወስዶ ያሰጣዋል። ደርቆ ጀንፈል ከሆነ በኋላ ወራት ይቆያል። አሁን ሬዲዮው የሚነግረው ዋጋ ትርጉም አለው፤ መጠበቅ ይችላላ። ስለዚህ «የገበያ መረጃ» ሲባል ሬዲዮንና ስልክን ብቻ አታስቡ። እንጨትና የሽቦ ወንፊት የተወጠረበት አልጋም የገበያ መረጃ መሣሪያ ነው።

ለበቆሎም እንደዚያው። ሰው በኅዳርና በታኅሣሥ የሚሸጠው ዋጋው በሐምሌ እንደሚጨምር ስለማያውቅ አይደለም። ይህንን የማያውቅ ገበሬ የለም። የሚሸጠው ነቀዙ ስለማይጠብቅለት፣ የማዳበሪያ ብድር ስለሚጠየቅ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ወጪ ስላለ ነው። ብድሩን ሬዲዮ አይከፍልም። ነቀዙን በተመለከተ ግን ማድረግ የሚቻል ነገር አለ። ፒክስ የሚባለውን ባለ ሦስት ድርብርብ ከረጢት ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ውስጡ ሁለት የፕላስቲክ ከረጢቶች አሉት፣ ከውጭ የተለመደው ጆንያ ነው። አሠራሩ ተንኮል የለውም። እህሉ ውስጥ ያለው ነቀዝ ያለውን አየር ይጨርሳል፣ ከውጭ አየር አይገባም፣ ነቀዙ ይሞታል። መድኃኒት የለበትም። ሁለት ነገር ብቻ ያበላሸዋል። አንደኛው በደንብ ያልደረቀ እህል መጨመር ነው፤ ያኔ ሻጋታ ይይዛል። ሁለተኛው አይጥ ነው። እህሉ ከተጨመረ በኋላ እያንዳንዱን ከረጢት ለየብቻው አፉን ጠምዝዛችሁ፣ አጥፋችሁ እሰሩት። በየሳምንቱ እየከፈታችሁ አትዩት፤ በተከፈተ ቁጥር አየር ይገባል። ካላችሁ አሥር ኩንታል ሁሉንም ማቆየት ካልተቻለ ሁለቱን ማቆየት ይቻላል። ለነዚያ ሁለት ኩንታሎች የሰኔ ዋጋ የእናንተ ይሆናል።

(ሙዚቃ)

አሁን ደግሞ ወደ አቮካዶ። ከሀዋሳ ወደ ይርጋለም በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ በየጓሮው ያለውን ታውቁታላችሁ። ግብይቱ እንዴት እንደሆነ ልግለጽ፤ ከገለጽኩ በኋላ እናንተ ፍረዱ። ገዢው ይመጣል። ዛፉ ሥር ቆሞ ወደ ላይ ያያል። ሻጩም አብሮ ወደ ላይ ያያል። ሁለቱም ቅጠል ውስጥ ያለውን ፍሬ በዓይን ይቆጥራሉ። «ለዛፉ ይህን ያህል» ይላል ገዢው። ይጨቃጨቃሉ፣ ይስማማሉ፣ ብር ይከፈላል። ከዚያ የገዢው ልጆች ዛፉ ላይ ይወጣሉ፤ የደረሰውንም ያልደረሰውንም በረጅም እንጨት ይመቱታል፣ መሬት ላይ ይወድቃል። ጆንያ ውስጥ ይገባል። ጆንያው ከሞላ በኋላም አፉ ላይ ሌላ ይቆለላል፣ ዙሪያውን በገመድ ይጠለፋል። ያ ጆንያ ኩንታል ይባላል፤ ሚዛን ላይ ቢወጣ ግን ከ100 ኪሎ እጅግ ሊያልፍ ይችላል።

ከሁለቱ አንዱ ይህንን ሥራ ዓመቱን ሙሉ ይሠራዋል። በቀን ብዙ ዛፍ ያያል፣ ከአንድ ዛፍ ስንት ኪሎ እንደሚወርድ ዓይኑ ተለማምዷል፣ አዲስ አበባ ያለው ደንበኛው ጠዋት ደውሎለታል። ሌላው በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው የሚሸጠው። ደላላውን ሌባ ብሎ መስደብ ቀላል ነው፤ በየስብሰባው እንሰማዋለን። እኔ ግን ስድቡ ገበሬውን ጠቅሞት አላየሁም። ደላላው የሚሸጠው ዕውቀቱን ነው። መፍትሔው ዕውቀቱን ከእሱ ጋር መካፈል ነው፤ የመጀመሪያው እርምጃም ሚዛን ነው። ለአምስት ወይም ለአሥር ጎረቤት አንድ ተንጠልጣይ ሚዛን መግዛት የሚያቅት አይደለም። አንድ ዛፍ አንዴ ተለቅሞ ይመዘን። ከዚያ በኋላ ገዢው «ለዛፉ» ሲል እናንተ «በኪሎ» ትላላችሁ።

ይህ በኪሎ የመሸጡ ነገር አሁን የበለጠ ምክንያት አግኝቷል። ይርጋለም ላይ ያለው የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል፤ እዚያ አቮካዶ ተጨምቆ ዘይት ይወጣዋል፣ ዘይቱም ወደ ውጭ ይላካል። ዘይት የሚያወጣ ፋብሪካ የሚፈልገው ደርሶ ዘይት የያዘ ፍሬ ነው። ሳይደርስ የተለቀመ አቮካዶ ውሃ እንጂ ዘይት የለውም። መድረሱን ለማወቅ አንዱን ቁረጡት፤ የውስጡ ፍሬ ሽፋን ነጭ ከሆነ ገና ነው፣ ደርቆ ቡናማ ከሆነ ደርሷል። በእንጨት የተመታውም ከቆሰለበት ቶሎ ይበሰብሳል። ስለዚህ «ፋብሪካው በኪሎ ስንት ይገዛል?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ጥያቄ ነው። ሌላው ግማሽ «ምን ዓይነቱን? ስንቱን ይመልሳል?» የሚለው ነው።

ከዚህም የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ምን ልትከል? ከዘር የበቀለ የአገር አቮካዶ ፍሬ ለመስጠት ብዙ ዓመት ያስጠብቃል፤ ፍሬውም ምን ዓይነት እንደሚሆን አይታወቅም። ተዳቅሎ የተዘጋጀው፣ እንደ ሀስ ያለው ዝርያ፣ በሦስትና በአራት ዓመት ይደርሳል፤ ገዢውም በስሙ ይጠይቀዋል። ችግኝ ከመትከል በፊት ገዢ ማነጋገር ይሻላል፤ ከተከሉ በኋላ ገዢ መፈለግ ብዙ ዓመት ያስቀጣል። የቦሎቄም ነገር ይኸው ነው። እዚሁ ሀዋሳ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣው «ሐዋሳ ዱሜ» የሚባለው ቀይ ቦሎቄ በደቡቡ አካባቢ የተወደደው ምርቱ ጥሩ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን እዚህ ሰው የሚበላውና የሚገዛው ቀዩን ስለሆነም ነው። ነጩ ቦሎቄ የራሱ ገበያ አለው፤ ገበያው ግን ሌላ ቦታ ነው። ዘር ስትመርጡ ምርት በሄክታር ብቻ አትጠይቁ።

በነገራችን ላይ ትልልቅ የዋጋ ወሬዎችን ጠንቀቅ ብላችሁ ስሙ። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የቡና ውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና ነበር፤ በጨረታ አንዱ ፓውንድ በ185 ዶላር ከ10 ሳንቲም ተሸጠ። ፓውንድ ማለት ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ነው። ለሲዳማ ስም ትልቅ ክብር ነው፤ ጥራት ምን ያህል ዋጋ እንዳለውም አሳየን። ያ ዋጋ ግን የጥቂት ጆንያ ዋጋ ነው። የእናንተን እሸት የሚገዛው ሰብሳቢ የሚያስበው በዚያ አይደለም። እሱን የሚነካው ሌላ ነገር ነው፤ ለምሳሌ ብራዚል ላይ ዝናብ ጠፍቶ በየካቲት 2017 ዓ.ም. የዓለም የቡና ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር ማለፉ፤ ወይም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ማድረጉና ዶላሩ በብር ሲመነዘር መጨመሩ። የዶላር ዜና የከተማ ሰው ዜና ብቻ አይደለም። ቡና ያለው ሰው ጓሮው ውስጥ ዶላር አለው።

የህብረት ሥራ ማህበር አባል የሆናችሁም ዋጋ ስታወዳድሩ አንድ ነገር አትርሱ። ማህበሩ ሚዛን ላይ የሚከፍለው የመጀመሪያው ክፍያ ነው። የሲዳማ ቡና አብቃይ ገበሬዎች ህብረት ሥራ ማህበራት ዩኒየንን የመሳሰሉት ቡናውን ውጭ ሸጠው ሲያተርፉ ትርፉ ለአባላት ይከፋፈላል። ስለዚህ ነጋዴው ዛሬ ሁለት ብር ቢጨምር፣ ያ ሁለት ብር ከትርፍ ክፍፍሉ ይበልጣል ወይ ብላችሁ ያለፈውን ዓመት ደብተር ተመልከቱ። ማህበሩ የትርፍ ክፍፍሉን የሚያዘገይ፣ ሂሳቡንም የማያሳይ ከሆነ ደግሞ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተነስታችሁ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። በአገራችን የእህል ገበሬዎች ላይ የተደረገና በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በማህበር የሸጡት ከ7 እስከ 9 በመቶ የተሻለ ዋጋ ማግኘታቸውን አሳይቷል። ለገበያ የሚያቀርቡት መጠን ግን ብዙም አልጨመረም። ዋጋ ብቻውን ሁሉን እንደማይፈታ ይህም አንድ ምስክር ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

መረጃ ከየት ይገኛል? 8028ን የማታውቁት ካላችሁ ጻፉት። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ፣ የዛሬው ኢንስቲትዩት፣ ከግብርና ሚኒስቴርና ከሌሎች ጋር ሆኖ የጀመረው የገበሬዎች የስልክ መስመር ነው። ደውላችሁ ቋንቋ ትመርጣላችሁ፣ ከዚያ «ለሰብል ይህን ቁጥር ይጫኑ» እያለ ይመራችኋል፤ ስለ አዘራር፣ ስለ ማዳበሪያ አጨማመር፣ ስለ ተባይ ይነግራችኋል። ሂሳብ አይቆርጥም። የገበያ ዋጋ ለመስማት ደግሞ 6077 አለ። ድምፁ ማሽን ስለሆነ መልሶ የመጠየቅ ዕድል የለም፤ መጀመሪያ ስትደውሉ መጻፍ የሚችል ልጅ አጠገባችሁ ቢኖር የትኛውን ቁጥር ስትጫኑ ወዴት እንደሚወስዳችሁ ይጽፍላችኋል። ሁለተኛ ጊዜ ራሳችሁ ትሄዱበታላችሁ።

ከሁሉም የሚበልጠው መረጃ ግን ራሳችሁ የምትሰበስቡት ነው። የሀዋሳ ገበያ የሚቆመው ሰኞና ሐሙስ ነው። አንድ ደብተር ያዙ። ከቤታችሁ ገበያ የሄደ ሰው ሲመለስ ሦስት ነገር ይጻፍ፤ ቀኑ፣ ዋጋው፣ በምን ተሰፍሮ። ሦስተኛውን አትዝለሉት፤ ጣሳ ከጣሳ ይለያያል። የማትሸጡበት ሳምንትም ይጻፍ። አንድ ዓመት ሲሞላ የዚያ ደብተር ዋጋ ከማንኛውም የሬዲዮ ዜና ይበልጣል፤ የእናንተን ምርት፣ በእናንተ ገበያ፣ በእናንተ መስፈሪያ የሚናገር ሌላ ማንም የለምና።

አንድ ነገር ልጨምር። በሲዳማ ምድር ከሁሉም በላይ የሚበላው እንሰት ነው፤ የቆጮና የቡላ ዋጋ ግን በሬዲዮ ሲነበብ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። የሚፍቁት ሴቶች ናቸው፣ ተሸክመው ገበያ የሚያወጡት ሴቶች ናቸው፣ ቁጭ ብለው የሚሸጡትም እነሱ ናቸው። ወደ ውጭ አይላክም፣ ዶላር አያመጣም፣ ስለዚህ ዋጋውን የሚመዘግብለት አላገኘም። ስልኩም ቢሆን ብዙ ጊዜ በባልየው ኪስ ውስጥ ነው ያለው። ቆጮ የምትሸጥ እናት የለኩ ዋጋ ከሀዋሳ ምን ያህል እንደሚለይ የምታውቀው ከገበያ የተመለሰች ጎረቤት ከነገረቻት ብቻ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ ቆጮና ቡላ ገበያ እናወራለን። ለዝግጅታችን እንዲረዳን እናቶችና እህቶች የምትሸጡበትን ገበያ ስም፣ ገበያው የሚቆምበትን ቀን፣ ቆጮው በምን ተጠቅልሎ በስንት እንደሚሸጥ በሲዳሙ አፎም ሆነ በአማርኛ ንገሩን። በስልክ መጻፍ የማይመቻችሁ የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ ትጽፍላችሁ፤ የጥቅሉን ክብደት የምታውቁ ከሆነም በኪሎ ጨምሩልን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)